እግር መሬት ሲነካ የሚወጣው ጉብታ፦ ጡንቻ ነው ወይስ ንዝረት?

ጥያቄ፦ የስፖርት ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሯጮች በአስፋልትና በአፈር መንገድ በፍጥነት ሲሮጡ የባታቸውና የጭናቸው የኋላ ጡንቻ እንዴት እንደሚሠራ በገመድ አልባ ኢኤምጂ (የጡንቻን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ በሚቀዳ መሣሪያ) እየለካሁ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሬድሚል ላይ ቀስ ብለው ሲሮጡ ጥሩ ነበር። ውጭ ወጥተን በሙሉ ፍጥነት ሲሮጡ ግን እግራቸው መሬት በነካ ቁጥር ትልቅ ጉብታ ይወጣል። አስፋልት ላይ ደግሞ ይብሳል። «አስፋልት ጡንቻን የበለጠ ያሠራል» ብዬ ልጻፍ ወይስ ሲግናሉ ተበላሽቷል? ሌላው፣ አንዳንዱ ሯጭ በሙከራ አልጋው ላይ ካስመዘገበው ከፍተኛ ኢኤምጂ 140 በመቶ ያሳያል። ከ100 በላይ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ገና አትጻፊው። ጉብታው ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ንዝረትም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ተደራርበው ነው የሚመጡት። አሁን በእጅሽ ባለው መረጃ ብቻ መለየት አይቻልም። ደግነቱ ለመለየት የሚያስፈልግሽ አንድ ትርፍ ሴንሰርና የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። 140 በመቶው ብዙም አያስደንግጥሽ፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከራሴ ጉድ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ የምንጠቀመው መሣሪያ ባለ ገመድ ነበር። ገመዱ ከባት ተነስቶ ወገብ ላይ ወደታሰረ ሳጥን ይሄዳል። አንድ ሯጭ አስሮጥኩና የብዙ እርምጃ አማካይ አወጣሁ። የሚያምር ጉብታ ወጣልኝ። እግሩ መሬት በነካ ቅጽበት ይነሳል፣ ወዲያው ይወርዳል። አትሜ አማካሪዬ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። አዩት፣ ዝም አሉ። ከዚያ «ሴንሰሩን ቅልጥሙ ላይ ለጥፈህ ድገመው» አሉኝ። ቅልጥም ከፊት በውስጥ በኩል ስትነኪው ከቆዳው ቀጥሎ አጥንት ነው። ጡንቻ የለም። ለጠፍኩ፣ አስሮጥኩ። ያው ጉብታ ወጣ። ትንሽ አነስ አለ እንጂ ቅርጹም ሰዓቱም ያው ነው። ለካስ ሳምንታት ሙሉ ስለካ የከረምኩት የገመድ መወዛወዝ ኖሯል።

ያሳሳተኝ አማካዩ ነው። ብዙ እርምጃ ሰብስቦ አማካይ ማውጣት ጫጫታን ያጠፋል ተብለን ተምረናል። እውነት ነው፤ ጫጫታው በዘፈቀደ የሚመጣ ከሆነ። ይኼኛው ግን ቀጠሮ አክባሪ ነው። ሁልጊዜ እግር ሲያርፍ ይመጣል። ስለዚህ እርምጃ በጨመርሽ ቁጥር እሱም እየጠራ፣ እያማረ ይሄዳል። ሠላሳ እርምጃ ያሳየሽ ጉብታ ሦስት መቶ እርምጃ ላይ የባሰ አሳማኝ ይሆናል።

የምትለኪው ነገር በጣም ትንሽ መሆኑን አትርሺ። ከቆዳ ላይ የሚቀዳ የጡንቻ ኤሌክትሪክ ከጥቂት አሥር ማይክሮ ቮልት ጀምሮ እስከ ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። አንድ ሚሊ ቮልት የዚያ 1,500ኛ ክፍል ነው። ቆዳ ራሱ የራሱ ቮልቴጅ አለው። ሲሳብና ሲጨማደድ ይለዋወጣል። በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለው ጄልም እንዲሁ። ሴንሰሩ ደግሞ ክብደት አለው፤ እግር ድንገት ሲቆም እሱ መሄዱን ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ጡንቻው ከሚልከው ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ምልክት ይፈጥራል።

የቆዳ ችግር አዲስ አይደለም። የሰው ጡንቻ በራሱ ፈቃድ ሲኮማተር የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ በ1849 ያሳየው ጀርመናዊው ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን ነው። እጁን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ክንዱን ሲያጠነክር የመለኪያው ቀስት ቢንቀሳቀስም በጣም ትንሽ ነበር። ቆዳው እንደ ግድግዳ መሆኑ ገባው። ምን አደረገ? ቆዳውን አስቆጥቶ ውሃ አስቋጠረና የላይኛውን ሽፋን አንስቶ በቁስሉ ለካ። ቀስቱ ጥሩ አድርጎ ተንቀሳቀሰ። ከአንቺ ማንም ይህን አይጠብቅም፤ ምላጭና አልኮል ይበቃል። ግን ነገሩ ያው ነው። ሲግናል የሚድነውም የሚበላሸውም ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ ነው።

«ፊልተር አድርጌዋለሁ እኮ» ትይኝ ይሆናል። ፊልተር ጥሩ ነገር ነው፤ አቅሙን እንወቅ እንጂ። የቆዳ ላይ ኢኤምጂ ጠቃሚ ክፍል በግምት ከ20 እስከ 500 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደጋገምበት ብዛት) ይዘረጋል። አብዛኛው ጉልበቱ ያለው ከ50 እስከ 150 ኸርዝ አካባቢ ነው። ዝግ ባለ እንቅስቃሴ የሚፈጠረው ረብሻ በብዛት ከ20 ኸርዝ በታች ስለሚሆን፣ በ2010 የኢኤምጂ ተመራማሪው ካርሎ ዴ ሉካና ባልደረቦቹ 20 ኸርዝ ላይ የሚቆርጥ ሃይ ፓስ ፊልተር (ከዚያ በታች ያለውን የሚያስቀር ማጣሪያ) እንዲለመድ መከሩ። ለእርምጃና ለዝግታ ሩጫ ይሠራል። ትሬድሚል ላይ ጥሩ የነበረልሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፈጣን ሩጫ ግን ሌላ ነው። እግር መሬት ሲመታ ባት እስክስታ ይመታል። ስጋው ከአጥንቱ ዘግይቶ ይንቀጠቀጣል። በሩጫ ጊዜ የእግር ለስላሳ ክፍል የሚርገበገበው ከ10 እስከ 50 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። እንግዲህ ልብ በይ፦ 20 ላይ ብትቆርጪ ከ20 እስከ 50 ያለው ንዝረት ያልፋል። 50 ላይ ብትቆርጪ ደግሞ ጥሩ የጡንቻ ሲግናል አብሮ ይሄዳል። ወንፊት እብቅን ከጤፍ ይለያል። አሸዋው የጤፉን ያህል ከደቀቀ ግን ወንፊት ምን ያደርጋል? እኔ ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ 30 ወይም 40 ላይ እቆርጣለሁ፤ የቆረጥኩበትንም በግልጽ እጽፋለሁ። አንቺም ሁለቱንም ሞክረሽ ውጤቱ በ20 እና በ40 መካከል ምን ያህል እንደሚለወጥ እይ። መደምደሚያሽ በቁጥሩ የሚገለባበጥ ከሆነ መደምደሚያ የለሽም ማለት ነው።

ሌላ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሃይ ፓሱ ሲግናሉን ሬክቲፋይ ከማድረግሽ በፊት ነው የሚገባው። ከታች ያለውን ወደ ላይ ከገለበጥሽ በኋላ ብታጣሪ አሸዋውን ከጤፉ ጋር ፈጭተሽ ከዚያ እንደመንፋት ነው። አንዳንድ ሶፍትዌር ቅደም ተከተሉን ሳያሳይ አንድ ቁልፍ ብቻ ይሰጥሻል። እሱን አትመኚው።

አሁን ወደ ፈተናው። ሯጩ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያንጠልጥል፤ ሙሉ በሙሉ ይፍታታ። ባቱን በእጅሽ ያዥና በደንብ አራግፊው። ተረከዙን ከሥር በመዳፍሽ መታ መታ አድርጊው። ሴንሰሩንም በጣትሽ ነካ ነካ አድርጊ። ጡንቻው አልሠራም፤ ስለዚህ የሚወጣው ሁሉ ረብሻ ነው። ቅርጹን በዓይንሽ ልመጂው። ቀጥሎ ትርፉን ሴንሰር ቅልጥሙ ላይ ለጥፈሽ በሁለቱም መንገድ አስሩጪ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቅልጥም እንደ ባት አይርገበገብም። ስለዚህ ቅልጥም ላይ ዝም ካለ ባት ላይ ያለው ንጹህ ነው ማለት አይደለም። በተቃራኒውም ከጎኑ ያለው የቅልጥም የፊት ጡንቻ ሲግናል ቆዳውን ይዞ ወደ ቅልጥም ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ሁለቱም ፈተና አብረው የሚያስፈልጉት። ቅልጥም ላይ አስፋልቱ የሚብስ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ንዝረት እያዘነበለ ነው።

ጥሬውን ሲግናል ሳታለሰልሺ እዪው። እውነተኛ ጡንቻ የጃርት እሾህ ይመስላል፤ ችምችም ብሎ ከዜሮው መስመር ላይና ታች ይቆማል። ረብሻ አንድ ወይም ሁለት ሰፊ ማዕበል ነው፤ መስመሩን ራሱን ይዞት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱ ተደራርበው ከሆነ ማዕበል ላይ የተቀመጠ ጃርት ታያለሽ። አንዴ ዓይንሽ ከለመደው አይስትሽም።

ከሁሉ የምወደው ማስረጃ ግን ሰዓቱ ነው። የባት ጡንቻ እግር እስኪያርፍ አይጠብቅም። መሬቱ እየመጣ መሆኑን ስለሚያውቅ ቀድሞ ይነሳል። እግር ከማረፉ በፊት የጀመረ ሲግናል የምቱ ልጅ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከማረፉ በፊት ያለውን ክፍል ለይተሽ በአስፋልትና በአፈር ብታነጻጽሪ ከምቱ የጸዳ መልስ ታገኛለሽ። እኔ ብሆን ዋና ውጤቴን እዚያ ላይ ነበር የማቆመው።

ይህ የሚሠራው ግን በማለስለሻው ካልተታለልሽ ነው። ብዙ ሰው 6 ኸርዝ ሎው ፓስ (ከዚያ በላይ ያለውን ቆርጦ ሲግናሉን የሚያለሰልስ ፊልተር) ከእርምጃ ጥናት ወርሶ ሩጫ ላይ ይጠቀማል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው ከ0.2 ሰከንድ በታች ነው። የአጭር ርቀት ሯጭ ደግሞ ወደ 0.1 ሰከንድ ይወርዳል። 6 ኸርዝ ያንን ሁሉ እንደ ቅቤ አቅልጦ ያፈሰዋል። ይባስ ብሎ መዘግየት እንዳይኖር ተብሎ ፊልተሩ ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ፣ ሲግናሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይፈስሳል። ያኔ ከማረፉ በኋላ የመጣ የምት ጉብታ ከማረፉ በፊት የጀመረ ይመስላል። ቅድም ያልኩሽ ማስረጃ በገዛ እጅሽ ተበላሸ ማለት ነው። 20 ኸርዝ ወይም ከዚያ በላይ አድርጊው። አለበለዚያ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ በሆነ አጭር መስኮት አርኤምኤስ (የሲግናሉን አማካይ መጠን የሚሰጥ ስሌት) አስሊ። ጅማሬን ለመለየት ደግሞ ወደ ጥሬው ተመለሺ።

እግር መቼ እንዳረፈ በትክክል ካላወቅሽ ይህ ሁሉ ወሬ ነው። የብዙ ገመድ አልባ ሴንሰሮች ሆድ ውስጥ አክሰለሮሜትር (የእንቅስቃሴ ለውጥን የሚለካ መሣሪያ) አለ፤ ካንቺም ካለ እሱን ተጠቀሚ። ስልክሽ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ይበቃል። ቪዲዮውንና ኢኤምጂውን ለማናበብ ካሜራው እያየሽ ሴንሰሩን ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጊ። ሩጫው ሲያልቅም ድገሚው። የሁለት መሣሪያ ሰዓት አብሮ ጀምሮ አብሮ አይጨርስም። የአቀዳዱንም ፍጥነት አረጋግጪ። በሰከንድ ከ1,000 ናሙና በታች ከሆነ ተዪው፤ 2,000 ቢሆን ጥሩ ነው። በሰከንድ 200 ብቻ የሚቀዱ ርካሽ መሣሪያዎች አሉ። ለመጫወቻ ጥሩ ናቸው።

አለጣጠፉን በተመለከተ፣ ጸጉሩን ላጪ፣ ቆዳውን በትንሹ ፈተግ ፈተግ አድርጊ፣ በአልኮል ጥረጊ፣ አድርቂ። ሴኒያም የሚባለው የአውሮፓ የኢኤምጂ አለጣጠፍ መመሪያ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መሃል 20 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይላል፤ አቅጣጫቸው የጡንቻውን ጭረት ተከትሎ። ለባት የውስጠኛው ጡንቻ በጣም ያበጠበት ቦታ ነው። ለጭን የኋላ ውጫዊ ጡንቻ፣ ከመቀመጫ አጥንት እስከ ጉልበት ውጫዊ ጎን ባለው መስመር ግማሽ ላይ። ሯጩ በሆዱ ተኝቶ ጉልበቱን ሲያጥፍ ያዥው፤ ጡንቻው ራሱ ይነሳና ቦታውን ያሳይሻል። የለጠፍሽበትን ዙሪያ በእስክሪብቶ አስምሪ። ከላይ በሚለጠጥ ፋሻ ወይም ጠበቅ ባለ ካልሲ ደግፊው። በጣም አታጥብቂ፤ ሯጩ ያጉረመርማል፣ አረጋገጡም ይለወጣል። የወንድ ሯጮችን ጭን የሚለጥፍ ወንድ ረዳት ያዢ፤ ለሴቶቹ ራስሽ ሁኚ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የተሸማቀቀ ሯጭ በደንብ ሳታዘጋጂው «ይበቃል» ይልሻል።

ጠዋት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ብርዱ ሌላ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላቡ ሌላ ነው። ስለዚህ ለጥፈሽ አሟሙቂያቸው። ላብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እይ። የላላውን ያኔ ቀይሪ። መለካት ከጀመርሽ በኋላ ግን ሴንሰር አትንኪ። ነቅለሽ ከለጠፍሽ ጥቂት ሚሊ ሜትር መዛባቱ ብቻ ቁጥሩን ይለውጠዋል፤ ያ ሯጭ ከዚያ በፊት የሮጠው ከኋላው ጋር አይነጻጸርም። 50 ኸርዙ የመብራት ኃይል ረብሻ ደግሞ ሜዳ ላይ ብዙም አያስቸግርሽም። በልማድ ብቻ ኖች ፊልተር (50 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ብቻ የሚቆርጥ) አታስገቢ፤ የሚቆርጠው የጡንቻው ጉልበት በበዛበት ቦታ ነው።

እሺ፣ 140 በመቶው። ያልተሳሳትሽ ይመስለኛል። መቶ በመቶ ብለሽ የያዝሽው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እግር ሳይንቀሳቀስ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲገፋ የተቀዳውን ነው። ያ የጡንቻው ጣሪያ አይደለም። የዚያ አቀማመጥ፣ የዚያ የጉልበት ማዕዘን፣ የዚያ ቀን ፈቃደኝነት ጣሪያ ነው። ብዙ ሯጭ በሕይወቱ እንዲህ ገፍቶ አያውቅም፤ መሮጥ ነው የሚያውቀው። በሩጫ ላይ ደግሞ ጡንቻው እየተለጠጠ ይሠራል፣ ሪፍሌክስ ይጨመርበታል። ጡንቻው ከቆዳው ሥር ስለሚንሸራተት ኤሌክትሮዱ የሚያየው ክፍልም ይለወጣል። በፈጣን ሩጫ ከመቶ ማለፍ የተለመደ ነው። የጭን የኋላ ጡንቻ ላይ በተለይ አትደንግጪ። እግር ወደፊት ተወርውሮ ሊያርፍ ሲል ጡንቻው እየተለጠጠ ያንን ሁሉ ፍጥነት ያቆማል። ሯጮች ብዙ ጊዜ የሚጎዱትም እዚያ ቅጽበት ላይ ነው።

ማጣቀሻሽን ቀይሪ። ከማሟሟቂያ በኋላ ሦስት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት አጭር ርቀት አስሩጪ፣ በመካከሉ በደንብ አሳርፊ፣ የዚያን ከፍተኛ እንደ መቶ ያዢ። በእርግጥ ማጣቀሻው ራሱ በንዝረት ከተበከለ ምንም አላተረፍሽም፤ ስለዚህ የቅልጥሙ ፈተና ይቀድማል። የአንዱን ሯጭ በመቶኛ ከሌላው ሯጭ ጋር አታወዳድሪ። ከቆዳ በታች ያለው ስብ ብቻውን ሲግናሉን ያዳክመዋል። አንድ ሯጭን ከራሱ ጋር፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ አለጣጠፍ አነጻጽሪ።

ሁለቱን መንገዶች ስታነጻጽሪ ደግሞ ፍጥነቱ አንድ ይሁን። ኢኤምጂ ከፍጥነት ጋር ይጨምራል፤ ሯጭ ደግሞ አስፋልት ሲያገኝ እግሩ ይቀለዋል። በየ10 ሜትሩ ምልክት አስቀምጪና ከቪዲዮው ላይ ፍጥነቱን አስሊ። ከታሰበው የወጣውን ሩጫ ጣዪ። ጫማው አንድ ይሁን። ቁልቁለት አይኑር። ግማሾቹ በአስፋልት፣ ግማሾቹ በአፈር ይጀምሩ፤ አለበለዚያ የምትለኪው ድካምን ነው።

ቃላቱም ላይ ተጠንቀቂ። «ጡንቻን የበለጠ ያሠራል» የሚለው ሐረግ ለኢኤምጂ ይበዛበታል። የለካሽው ለጡንቻው የደረሰውን የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው፤ ኃይሉን አይደለም። ኃይሉ ከትእዛዙ በኋላ ዘግይቶ ይመጣል። እንደ አለካኩ ከጥቂት አሥር እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ ሊሆን ይችላል። የእግር ማረፊያው ራሱ ከ200 ሚሊ ሰከንድ በታች በሆነበት ሩጫ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እግር ካረፈ በኋላ የምታዪው ትእዛዝ ኃይል የሚሆነው ምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ ጉብታው እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ የባሰ ደስ የሚል ታሪክ አለው። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ቤኖ ኒግ ጡንቻዎች ከማረፍ በፊት የሚነሱት ስጋው እንዳይርገበገብ ለማፈን ጭምር ነው የሚል ሐሳብ አለው። በዚህ አስተሳሰብ መሬቱ ሲለወጥ ጡንቻው ትእዛዙን ይለውጣል። እንግዲህ የአንቺ አስፋልትና አፈር ለዚህ ሐሳብ ጥሩ መፈተኛ ነው። ግን ልብ በይ፣ ንዝረቱ በሴንሰሩ ውስጥ ረብሻ ሆኖ ይመጣል፤ ጡንቻው ደግሞ ያንኑ ንዝረት ለማፈን ይሠራል። ሁለቱ አብረው ይጨምራሉ። ቅድም ከማረፉ በፊት ያለውን ለይተሽ እይ ያልኩሽ ለዚህም ነው።

ለጊዜው ሁለት ሯጮች ብቻ ያዢ። ወንበር ላይ አራግፊ፣ ቅልጥም ላይ ለጥፊ፣ በሁለቱም መንገድ አስሩጪ። ያልተጣራውን፣ ያልለሰለሰውን የባትና የቅልጥም ሥዕል ጎን ለጎን አድርገሽ ላኪልኝ። እግር ያረፈበትን ሰዓት በቀይ መስመር አስምሪበት። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሯጮች ትጠሪያለሽ።